የ194,313ን ጠባይ በወረቀትና በእርሳስ ለመመርመር

ከመንዝ እስከ አንኮበር በሰሜን ሸዋ አድባራት ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) የተማሩ ካህናት አቢይ ቀመር የሚሉት ዑደት 532 ዓመት ነው። አራት ዓመት 1,461 ቀን ስለሚሆንና በ532 ዓመት ውስጥ አራት ዓመት 133 ጊዜ ስለሚገኝ፣ ዑደቱ በቀን ሲቆጠር 194,313 ይመጣል። የዚህን ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች (ከ1 የሚበልጡ ሆነው ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን) ለማውጣት ካልኩሌተር አያሻም፤ መብራት በጠፋበት ምሽትም በእርሳስ ይሠራል።

የመጨረሻው አኃዝ 3 ስለሆነ ቁጥሩ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ይሆናሉ፤ 21 ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም፤ ስለዚህ 3 አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል ማለት ነው።

ለ7፣ ለ11 እና ለ13 አንድ ፈተና ይበቃል። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አኃዝ እየቆረጡ 313 እና 194 ካሉ በኋላ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሲቀንሱ 119 ይቀራል (ክፍሎቹ ከሁለት ቢበልጡ እያፈራረቁ መቀነስና መደመር ነው)። ይህ የሚሠራው 7 × 11 × 13 = 1,001 በመሆኑ ነው። 119 ደግሞ 7 × 17 ስለሆነ ቁጥራችን ለ7 ይካፈላል፣ ለ11 እና ለ13 ግን አይካፈልም።

ብዙ ተማሪ ድካሙን የሚያበዛው ከዚህ በኋላ ነው፤ አካፋይ ባገኘ ቁጥር ቁጥሩን ማሳነስ ሲገባው ከትልቁ ጋር ይታገላል። የ194,313 ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው) ከ441 ጥቂት ያንሳል፤ እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር አሰልቺ ነው። ለ3 ሲካፈል 64,771፣ ይህም ለ7 ሲካፈል 9,253 ይሆናል፤ የዚህ ዳግም ዘር ከ97 በታች ነው። 7ን ደግሞ መሞከር አይዘንጋ፤ 6 ይቀራል። ለ17 ሲካፈልም 5 ይቀራል። ለ19 የመጨረሻውን አኃዝ በሁለት አባዝቶ በቀሪዎቹ አኃዞች ላይ መደመር ነው፦ 925 + 6 = 931፣ እንደገናም 93 + 2 = 95። 95 ለ19 ስለሚካፈል 9,253ም ይካፈላል፤ ውጤቱ 487 ነው። የ487 ዳግም ዘር ከ23 ስለሚያንስ ያልተፈተነው 19 ብቻ ነው፣ እርሱም 12 ያስቀራል። እንግዲህ 487 ብቸኛ ቁጥር ነው።

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487። አራቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ የአካፋዮቹ ብዛት 2 × 2 × 2 × 2 = 16 ነው። ድምራቸው 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320 ሲሆን፣ ራሱ ቁጥሩ ሲቀነስ 118,007 ይቀራል። ይህም ከቁጥሩ ስለሚያንስ ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በቀር የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ጋር የሚተካከል) አይደለም።

7 ከአካፋዮቹ መካከል በመኖሩ ዑደቱ ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ይሆናል፤ ከ532 ዓመት በኋላ ያው ቀን በያው ዕለት የሚውለው በዚህ ነው። 532 ለ4 እየተካፈለ የቀኖቹ ቁጥር ኢ-ተጋማሽ የሆነው ግን፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆንና የአራቱን ዓመት ድምር ከ1,460 ወደ 1,461 ስለምታሳድገው ነው።