በሥነ ጽሑፍ ድርሰት ውስጥ ምን ያህል እንጥቀስ?

ስለ አንድ መጽሐፍ ለምትጽፉት ባለ 400 ቃል ድርሰት ከመጽሐፉ የሚወሰደው ከ40 እስከ 60 ቃል ቢሆን ይበቃል። የተደነገገ ሕግ አይደለም። ነገር ግን ጥቅሱ ከ100 ቃል ካለፈ መምህሩ የሚያርመው የደራሲውን ጽሑፍ እንጂ የእናንተን አይሆንም። ያንን 60 ቃል በአንድ ረጅም ጥቅስ ከመጨረስ ይልቅ 5 ወይም 6 ቦታ ላይ በትኑት።

ከቁጥሩ በፊት ግን «ይህን በራሴ ቃል ብጽፈው ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም ካልጎደለ አትጥቀሱ። ማን የት እንደሄደ፣ ማን ማንን እንዳገባ በራስ አባባል በአንድ መስመር ያልቃል።

ለማሳያ አንድ ታሪክ እንፍጠር። በከተማው ዳር ማሳው ለቤት መሥሪያ የሚለካበት ገበሬ ቀያሾቹን «መሬቱን ለኩት፤ ዛፏን ግን ተዉልኝ» ይላቸዋል። ተማሪው «ገበሬው ዛፉ እንዳይቆረጥ ለመነ» ብሎ ቢጽፍ ወሬው ይደርሳል፣ ማስረጃው ግን ይጠፋል። ገበሬው መሬቱን በተባዕት፣ ዛፏን በአንስታይ ጠርቷል፤ በአማርኛ ደግሞ የሚሳሱለት ነገር ብዙ ጊዜ በአንስታይ ይጠራል። መከራከሪያው በሙሉ የቆመው «ዛፏን» በሚለው ቃል ላይ ነውና የሚጠቀሰው እሱ ነው። አንዲት ገጸ ባሕርይ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ድንገት «አንተ» ብትለውም እንደዚሁ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ሲሆን ደግሞ ስንኞቹን ሳትቆርጡ ጻፉ፤ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ኅብረ ቃል በሌላ ቃል ከተተካ ወርቁ አብሮት ይሄዳል።

ብዙ ድርሰት የሚበላሸው በአረፍተ ነገር አሠራር ነው። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ደራሲው» ብላችሁ ጀምራችሁ ሦስት መስመር ጥቅስ መሀል ካስገባችሁ፣ አንባቢው «ሲል ይገልጸዋል» የሚለው ላይ ሲደርስ ባለቤቱን ረስቶታል። ስለዚህ በአረፍተ ነገር መሀል የሚገባ ጥቅስ ከ10 ቃል አይብለጥ። ከዚያ ከረዘመ አስቀድማችሁ «እንዲህ ይላል፦» ብላችሁ ዝጉና ጥቅሱን አስከትሉ። ከአራት መስመር በላይ የሆነውን ከኅዳጉ ገባ አድርጋችሁ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ጻፉት፤ በአንድ ድርሰት ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አያስፈልግም። ከመሀል ስትቀንሱ ሦስት ነጥብ አድርጉ። እንደ «ግን» ያለችውን ትንሽ ቃል ከጣላችሁ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል።

ትእምርተ ጥቅስን መርሳት በአማርኛ ከባድ ጥፋት ነው። «እመጣለሁ አለ» ስንል «እመጣለሁ» የተናጋሪው ቃል እንዳለ የተወሰደ ነው፤ ምልክቱ ከሌለ «እኔ» የሚለው ተማሪው ይሁን ገጸ ባሕርዩ አይለይም።

ከጥቅሱ በኋላ የጥቅሱን እጥፍ ያህል ማብራሪያ ጻፉ። «ይህ የሚያሳየው ዛፉን እንደሚወድ ነው» ማለት ጥቅሱን መድገም ነው። የትኛው ቃል፣ በምን ምክንያት እንደሚያሳይ ተናገሩ። አንቀጽን በጥቅስ አትዝጉ፤ የመጨረሻው ቃል የእናንተ ይሁን።

መጽሐፉ በውሰት ከሆነ ሳትመልሱት ገጹን፣ ምዕራፉንና የታተመበትን ዓመት መዝግቡ፤ ኅትመት ሲለወጥ ገጽ ይለወጣል። ለአንድ ቃል ማጣሪያ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መመላለስ ቀን ይፈጃል። ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን ደራሲው እንደጻፋቸው ተዉአቸው፤ ጥቅስ አይታረምም። ኮምፒውተር ቤት የምታስጽፉ ከሆነም ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ጥቅሶቹን ብቻ ፊደል በፊደል ከማስታወሻችሁ ጋር አመሳክሩ።