ቦርዱና ሳጥኑ እንዲገጥሙ፦ የዲዛይን ሶፍትዌር የማወዳድርበት መንገድ

"የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው። አሥር ቪዲዮ አይተው፣ ይብሱን ግራ ተጋብተው ይመጣሉ። "ምን ልትሠሩበት ነው?" ስላቸው ዝም ይላሉ። ማወዳደር መጀመር ያለበት ግን ከዚህ ጥያቄ ነው።

እኔ የእንቁላል መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ነው የምሠራው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይይዛል፣ እንቁላሉን የሚያገላብጠውን ሞተር ያዛል፣ እስከ 21ኛው ቀን ድረስ ይቆጥራል። ቦርዱን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ ራሴ እስላለሁ። ሳጥኑን ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሳጥፋለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ቢሾፍቱ ያሉ ዶሮ አርቢዎች ናቸው። ሥራዬ ግማሹ ኤሌክትሮኒክስ፣ ግማሹ ሜካኒካል ነው። ጣጣው የሚመጣው ታዲያ ሁልጊዜ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 12 ሳጥኖች ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ቦርዱን በአንድ ሶፍትዌር ሠራሁ። ሳጥኑን ደግሞ በወረቀት ላይ፣ የውጭ ልኬቶቹን ደምሬ ሳልኩት። ላሜራ ሲታጠፍ ጥጉ ላይ እንደሚዞርና ከድምሩ ላይ እንደሚቀነስ አላሰብኩም። በየመታጠፊያው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ተረፈ። ክዳኑ አልገባም። በጎን የተቆረጠው የሽቦ መግቢያም ከቦርዱ ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ጋር ከፍና ዝቅ ሆነ። ላሜራ የሚያጥፉልኝ ሽማግሌ አንዱን ሳጥን አገላብጠው አዩና "ኢንጂነር፣ ይሄ ወረቀትህ ላሜራውን ጨርቅ መስሎታል" አሉኝ። "ልክ ነዎት ጋሼ" ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ሶፍትዌር የምመርጥበትን መንገድ ቀየርኩ። የባህሪ ዝርዝር አላወዳድርም። አንድ የራሴን ትንሽ ሥራ እይዝና በየሶፍትዌሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እወስደዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የት እንደተሳደብኩም እጽፋለሁ።

የሙከራው ሥራ ትንሽ ይሁን እንጂ ቀላል አይሁን። የኔ ቦርድ 110 በ80 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውፍረቱ 1.6። በአራቱ ማዕዘን ለኤም3 ብሎን 3.2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው። 220 ቮልት የሚያልፍበት ሪሌይ (በትንሽ ቮልት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ እግሮቻቸው በ5.08 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ተርሚናሎች፣ የሙቀት ሴንሰር መሰኪያ አለው። ከዚህ በተጨማሪ በሶፍትዌሩ ላይብረሪ (የተዘጋጁ የዕቃ ሥዕሎች ማከማቻ) ውስጥ የሌለ አንድ ዕቃ ሆን ብዬ እጨምራለሁ። መርካቶ ገብታችሁ የምትገዙት ዕቃ ሁሉ ላይብረሪ ውስጥ አይገኝም። ፉትፕሪንቱን፣ ማለትም የዕቃው እግሮች ቦርዱ ላይ የሚያርፉበትን ቅርጽ፣ በካሊፐር ለክቶ መሳል የግድ ነው። ይሄ 10 ደቂቃ ከፈጀ ጥሩ፣ ግማሽ ቀን ከፈጀ ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከኤሌክትሮኒክሱ እንጀምር።

ኪካድ የሚባለው የቦርድ መሳያ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ መምህር ግሬኖብል ላይ ጀመረው። በኋላ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ተቋም ሰርን ገንዘብና ባለሙያ መድቦለት ጎለበተ። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። የቦርድ መጠን ገደብ የለውም፣ ለንግድ ሥራም አይከለክልም። ማውረጃው ከአንድ ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ ማታ ጭኖ መተኛት ነው። አንዴ ከወረደ ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም። እኔ በጣም የወደድኩለት ነገር ፋይሉ ተራ ጽሑፍ መሆኑን ነው። በኖትፓድ ከፍታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ሶፍትዌሩ ነገ ቢጠፋ እንኳ ሥራዬ ፋይሉ ውስጥ ታስሮ አይቀርም።

ይህ ጭንቀት ከንቱ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችን ኤሌክትሮኒክስ የለመድነው በኢግል ነበር። ኦቶዴስክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዛው፣ በ2023 ደግሞ ለብቻው የሚሸጠው ኢግል በሰኔ 2026 እንደሚያበቃ አስታወቀ። ውስጡ ፊውዥን ወደሚባለው የዚያው ኩባንያ ሶፍትዌር ተዛውሯል። ደግነቱ ኪካድ የኢግልን ፕሮጀክት መክፈት ይችላል። የቆየ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ሞክሩት።

ኢዚኢዲኤ በብሮውዘር ይሠራል፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚጫንም አለው። ትልቁ ጥቅሙ ላይብረሪው ነው። ዕቃዎቹን ከሚሸጠው ከኤልሲኤስሲ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የዕቃውን ቁጥር ስታስገቡ ፉትፕሪንቱ ዝግጁ ሆኖ ይመጣል። ቦርዱን ቻይና ለሚያሠራ ሰው ፈጣን ነው። ለጀማሪም ከኪካድ ይቀላል። እኔ ያልመረጥኩት ዕቃዬን ከዚያ ስለማልገዛ ብቻ ነው።

አልቲየም ግሩም ነው። ቦርዱን ከሳጥኑ ጋር ለማግባባት ከሳጥን መሳያዎቹ ከሶሊድወርክስና ከሌሎችም ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ መንገድ አለው። ከዚያ በኩል "ቀዳዳውን ወደ ቀኝ" ሲባል እዚህ በኩል ማሳሰቢያ ይደርሳል። ዋጋው ግን በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። በድርጅት ለተቀጠረ እሰየው። ለኔ ቢጤ ወሬው ብቻ ይበቃል።

ፕሮቲየስን ግቢ ያልተማረበት ኤሌክትሪካል ተማሪ ጥቂት ነው። ጥንካሬው ማይክሮ ኮንትሮለሩን ከነኮዱ ስክሪን ላይ ማስኬዱ ነው። ኪካድ የአናሎግ ሲሙሌሽን አለው፣ ኮድ ግን አያስኬድም። ስለዚህ ሐሳብ ለመፈተን ፕሮቲየስ፣ ቦርድ ለመሥራት ሌላ የሚሉ ሰዎችን አልቃወምም።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ላይ ፈትኑ። 220 ቮልት ያለበትን መስመር ከ5 ቮልቱ ምን ያህል እንዲርቅ ሶፍትዌሩን ማስገደድ ይቻላል? እኔ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር እተዋለሁ፣ ከሪሌዩ ሥር ደግሞ ቦርዱ ላይ ቀጭን ክፍተት እቆርጣለሁ። ይህን ሕግ አንዴ ጽፌ፣ ስሳሳት ሶፍትዌሩ በቀይ እንዲጮህብኝ እፈልጋለሁ። በዓይን መጠበቅ አይቻልም። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ዓይን ይደክማል።

ወደ ሳጥኑ እንሂድ። እዚህ የኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ላሜራውን አጥፎ፣ መልሶ ዘርግቶ ያሳየኛል ወይ? የላሜራውን ውፍረትና የመታጠፊያውን ክብ ስነግረው የተዘረጋውን ትክክለኛ ርዝመት ራሱ ማስላት አለበት። እነዚያ 12 ሳጥኖች የተበላሹት ይህን ስሌት በጭንቅላቴ ስለሠራሁ ነው።

ሶሊድወርክስ በዚህ አንደኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ፣ ፋብሪካው ሁሉ የሚያውቀው ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፣ ውድ ነው፣ ጠንካራ ላፕቶፕ ይፈልጋል። በአዲስ ስሪት የተሠራ ፋይል በአሮጌው አልከፍት ሊል ስለሚችል፣ ከሌላ ሰው ጋር ከሠራችሁ መጀመሪያ ስሪት ተጠያየቁ። "ክራክ የተደረገውን እጭናለሁ" ለሚለኝ ሰው ስብከት የለኝም። ብቻ የደንበኛ ሥራ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፋይል አልጭንም።

ኦንሼፕን የመሠረተው ያው ሶሊድወርክስን የመሠረተው ጆን ሂርሽቲክ ነው። በብሮውዘር ስለሚሠራና ስሌቱ እዚያው ሰርቨር ላይ ስለሚያልቅ በደካማ ላፕቶፕ እንኳ ይንቀሳቀሳል። ለተማሪ መማሪያ ከሱ የተሻለ አላየሁም። ነገር ግን ነፃው አማራጭ ለንግድ አይፈቀድም፣ የሠራችሁትንም ማንም ያየዋል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ደግሞ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ፊውዥን ለኔ ዓይነት ሰው የተሠራ ይመስላል። ቦርዱና ሳጥኑ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ቦርዱ ሲለወጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሞዴልም ይለወጣል። ታዲያ ለምን ተውኩት? ነፃው የግል ፈቃድ ቦርድን በ80 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይገድባል። የኔ 88 ነው! ስምንት ካሬ ሳንቲ። በዚያ ላይ በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው፣ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ሰነድ ለማስተካከል ክፍት ማድረግም አይቻልም። ከፍሎ መጠቀም የሚችል ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ካርድ ያለው፣ ብዙ ራስ ምታት ይቀንስለታል።

ፍሪካድ ቀረ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የላሜራ ሥራ በተጨማሪ መሣሪያ ይጫንለታል። ገጽታው አያምርም። ቁልፎቹ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለቴ ልሰርዘው ደርሼ ነበር። የድሮው ትልቁ ሕመሙ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሠራችሁትን ሥዕል ስትነኩ ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ መበተኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በወጣው 1.0 ስሪት ይህ በጣም ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት ሞክራችሁ ያማረራችሁ ሰዎች አንዴ ብትመለሱ አይከፋም።

አሁን ዋናው ፈተና። እኔ የለውጥ ፈተና እለዋለሁ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አንዱን የብሎን ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሱ፣ ወይም ተርሚናሉን ወደ ሌላኛው ጎን ውሰዱ። ከዚያ ሳጥኑ እስኪስተካከል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ቁጠሩ። ደንበኛ ሐሳቡን ይለውጣል። "ሽቦው በግራ ቢገባ?" ይላል፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ። አንደኛውን ሥዕል ማንኛውም ሶፍትዌር ያሳምረዋል፣ ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ነው።

የኔ መንገድ ኪካድና ፍሪካድ ሆነ። ድልድያቸው ስቴፕ የሚባለው፣ የ3ዲ ቅርጽ የሚይዝ ፋይል ነው። ከላይ የጠራኋቸው የሜካኒካል ሶፍትዌሮች ሁሉ ይከፍቱታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኪካድ ላይ መነሻ ነጥቡን ከቦርዱ ታችኛ ግራ ማዕዘን ላይ አስቀምጣለሁ። በስቴፕ ሳወጣው ያንኑ ነጥብ እመርጣለሁ። ያኔ ፍሪካድ ውስጥ ቦርዱ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሎ ይመጣል፣ በየጊዜው እየጎተቱ ማስቀመጥ ቀረ። ይህን ካላደረጋችሁ ቦርዱን ከሳጥኑ ሩቅ ቦታ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ። እንዲሁም ለየዕቃው 3ዲ ሞዴል መያያዙን እዩ። ሞዴል የሌለው ዕቃ በሳጥኑ ውስጥ አይታይም። ረጅሙ ካፓሲተር ክዳኑን ሲገፋ የምታውቁት ከተሠራ በኋላ ይሆናል።

ቦታው አስቀድሞ ከተወሰነ በግልባጩ ሂዱ። ሳጥኑን መጀመሪያ ሣሉ፣ የቦርዱን ዙሪያ በዲኤክስኤፍ (ጠፍጣፋ የመስመር ሥዕል በሚይዝ ፋይል) አውጡና ኪካድ ላይ የቦርዱ ጠርዝ አድርጉት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የወረቀት ሙከራ ይቀራል። ቦርዱን በ1 ለ 1 መጠን ወረቀት ላይ አትሙ። ፕሪንተሩ "ከገጹ ጋር አስተካክል" የሚል ምርጫ ካለው አጥፉት፣ እሱ ነው የሚያታልለው። 110 ሚሊ ሜትሩን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ እውነተኛዎቹን ዕቃዎች ወረቀቱ ላይ ሰካ ሰካ አድርጉ። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት። አንድ ወረቀት ስንት ቦርድ እንዳተረፈልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

መብራት እንደ ልቡ ስለሆነ ሁለቱም ሶፍትዌሮች በየ3 ደቂቃው ራሳቸው እንዲያስቀምጡ አስተካክያለሁ። ሥራ ሲያልቅም ከዋናው ፋይል ሌላ የቦርዱን ገርበር (ቦርድ አምራቹ የሚሠራበት ፋይል)፣ የሳጥኑን ስቴፕና ለጋሼ የሚሰጠውን ፒዲኤፍ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጌ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ፒዲኤፉ ላይ የተዘረጋው ልኬት በትልቁ ይጻፋል። ጋሼ መነጽራቸውን ሁልጊዜ ቤት ነው የሚረሱት።