ልጃችሁ አርፎ አይቀመጥም? ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ያዙ

የሚቅበጠበጥ ልጅ ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ምግቡን ሳይጨርስ ተነስቶ ይሮጣል። ይሄ ልጅነት ነው። ግን ደግሞ እኩዮቹ በቀላሉ የሚያደርጉትን ነገር ከልቡ እየሞከረ የሚያቅተው፣ በዚህም የተነሳ በየቀኑ የሚሰደብና የሚገረፍ ልጅ አለ። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚያድጉት እንዲህ ነው፤ "ባለጌ" እየተባሉ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እወቁ። ይህን ችግር የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ኤምአርአይም አያሳየውም። ባለሙያው የሚወስነው ስለ ልጁ ከሚሰማው ታሪክ ነው፣ ታሪኩን ይዛችሁ የምትሄዱት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ቤት የሚያምሰው ልጅ የማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ የማያውቀው ሰው ፊት፣ እጁን አጣምሮ ሊቀመጥ ይችላል። በዚያች አጭር ሰዓት ብቻ የሚፈርድ ሰው "ደህና ነው" ብሎ ይሸኛችኋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ቤት ውስጥ፣ ከቀጠሮው በፊት ነው።

ምኑን እንይ? ችግሩ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ትኩረት ነው። ውሃ አምጣ ብላችሁት ጓዳ ሲደርስ ይረሳል። የቤት ሥራውን ጀምሮ ሁለት መስመር ሳይጽፍ ይነሳል። እርሳሱን፣ ላጲሱን፣ ሹራቡን በየሳምንቱ ጥሎ ይመጣል። ስሙ እየተጠራ የማይሰማ ይመስላል። መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ፈተና ላይ ዘሎት ይመጣል። ሌላው መልክ የምናውቀው ነው፦ ወንበር ላይ ይቁነጠነጣል፣ ሳይፈቀድለት ይነሳል፣ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል፣ ተራ መጠበቅ አይሆንለትም፣ ግራ ቀኝ ሳያይ አስፋልት ይገባል። አንዳንዱ ልጅ ሁለቱም አለበት።

ሴት ልጆች ላይ በተለይ ልብ በሉ። ብዙዎቹ አይዘሉም፣ አይጮኹም። መስኮት መስኮቱን እያዩ በሐሳብ ይሄዳሉ። ክፍል ስለማይረብሹ አስተማሪ አይከስሳቸውም፣ ስለዚህ ማንም ሳያስተውላቸው ዓመታት ያልፋሉ። "ፈዛዛ ናት" ተብላ የቀረች ስንት ጎበዝ ልጅ አለች!

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው የሐኪሞች መመሪያ ለእያንዳንዱ መልክ 9 ምልክቶችን ይዘረዝራል። ለልጆች ከአንዱ ዝርዝር ቢያንስ 6ቱ መታየት አለባቸው፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ መቆየት አለባቸው፣ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው ጀምረው መሆን አለበት፣ ኑሮውንና ትምህርቱንም በግልጽ የጎዱ መሆን አለባቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንድ በላይ ቦታ መታየት አለባቸው። ለእኔ ወላጅ ራሱ ሊመረምረው የሚችለው ትልቁ ነገር ይሄ የመጨረሻው ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ምናልባት እዚያ የሚመታው ወይም የሚያስፈራራው ልጅ ይኖራል። ቤት ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤታችንን መጠየቅ አለብን።

"ስልክ ሲይዝ እኮ ሁለት ሰዓት አይነቃነቅም" የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እሱ ማስረጃ አይሆንም። ስልኩ በየሰከንዱ አዲስ ነገር እያቀረበ ትኩረቱን ራሱ ይይዝለታል። ልጁን የሚያቅተው አሰልቺ ግን የግድ የሆነ ነገር ላይ ራሱን ማቆየት ነው።

ዕድሜውንም ከክፍሉ ልጆች ጋር አስተያዩት። እኛ አገር አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው የሚባለው፣ ግን በግል ትምህርት ቤት ቶሎ ቶሎ ስለምናስገባ ከክፍሉ ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያንስ ልጅ በየቦታው አለ። ትንሹ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር ቀዥቃዣ ቢመስል አይገርምም።

አሁን ደብተር ያዙ። ለሁለት ሳምንት ያህል ያያችሁትን ጻፉ። "በጣም ያስቸግራል" ብላችሁ አይደለም፤ "ማክሰኞ 11 ሰዓት፣ 5 የሒሳብ ጥያቄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ 7 ጊዜ ተነሳ" ብላችሁ። መቼ እንደተኛ፣ መቼ እንደነቃ፣ ምን እንደበላ ጨምሩበት። ጥሩ የሆነበትን ሰዓትም ጻፉ፣ እሱም ለባለሙያው ትልቅ መረጃ ነው። ከዚያ የክፍል አስተማሪውን አንድ ገጽ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። 60 ልጅ የሚያስተምር ሰው ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ጥያቄውን አቅልሉለት፦ ሥራ ይጨርሳል? ከቦታው ይነሳል? ጓደኛ አለው? የድሮ ሰርተፍኬቶችንና ኮሙኒኬሽን ቡኩንም አትጣሉ፣ አስተማሪ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈው አንድ መስመር ችግሩ መቼ እንደጀመረ ይናገራል።

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂዱ። ኤዲኤችዲ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉና። በደንብ የማይሰማ ወይም ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ትኩረት የሌለው ይመስላል። ቶንሲሉ አብጦ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ የሚያድር ልጅ ቀን ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል። የደም ማነስ አለ። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የቤተሰብ ጠብ ያየ ልጅ አለ። አንዳንዴ ደግሞ በሐሳብ የሄደ የመሰላችሁ ልጅ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊኖርበት ይችላል፦ ድንገት ለጥቂት ሰከንድ ያፈጣል፣ ብትነኩትም አይመለስም። ይህን ካያችሁ በስልክ ቅረጹትና ለሐኪም አሳዩ።

ከዚያ ሪፈር አጽፉ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የካቲት 12 ሆስፒታል የልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላላቸው ከእነሱ ጀምሩ። ደውላችሁ ልጆች የሚታዩበትን ቀን ሳትጠይቁ መንገድ አትውጡ። አገሪቱ ውስጥ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ስለሆነ ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል፣ ቢሆንም ያዙት።

"አማኑኤል" የሚለው ስም ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ሰፈር ምን ይላል ብሎ ዓመታት የሚቆይ ቤተሰብ አለ። የሰፈር ሰው ግን ልጃችሁ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሲጠላ አብሯችሁ አይቀመጥም። ጠበል የምትወስዱ ከሆነም ውሰዱ፣ ሐኪሙም ጋ አብራችሁ ሂዱ። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ባለሙያው ስለ እርግዝናው፣ ስለ ወሊዱ፣ ያለ ወሩ ተወልዶ እንደሆነ ይጠይቃል። አባቱ ወይም አጎቱ ልጅ ሳሉ እንዲህ ነበሩ ወይ ይላል። ችግሩ በዘር በጣም የሚተላለፍ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ አትደብቁ። ስኳር ወይም የእናት አያያዝ አያመጣውም።

ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጀመሪያ የሚመከረው መድኃኒት ሳይሆን ወላጁ የልጁን ጠባይ የሚይዝበትን ዘዴ መማሩ ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት ሜቲልፌኒዴት የመሰለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ልጆችን ይረዳል፣ ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊነሳ ይችላል። ክብደቱ፣ ቁመቱና የደም ግፊቱ እየተለካ ነው የሚሰጠው። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዲልክላችሁ አታድርጉ፤ በዱባይ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ይዞት ቢገኝ ችግር ውስጥ ይገባል።

ቤት ውስጥ ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡ፣ ዓይኑን እያያችሁ። የቤት ሥራውን በ10 ደቂቃ ከፋፍሉት፣ በመሃል ተነስቶ ይሩጥ። ጥሩ ሲያደርግ እዚያው አመስግኑት፣ ማታ አባቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዱላ ደግሞ ትኩረት አያመጣም፣ ፍርሃትና ውሸት ነው የሚያስተምረው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ "ልጄ ይገምገምልኝ" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አይከፈልበትም፣ አማርኛ አስተርጓሚም መጠየቅ መብታችሁ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ፈቃዳችሁን ከፈረማችሁ በኋላ ግምገማው በ60 ቀን ማለቅ አለበት፣ አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ጊዜ አላቸው። "መድኃኒት ካልወሰደ ትምህርት ቤት አይመጣም" ማለትም በሕግ አይፈቀድላቸውም። ደብዳቤው ላይ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውንም እናንተ ጋ አስቀሩ።