ገጸ ባሕርይን ከቅጽል ሳይሆን ከውሳኔ ጀምሩ

ልብ ወለድ የምታስተምሩ ከሆነ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ ይታወቃል፤ «ደግ ነው»፣ «ጎበዝ ናት»። ከዚያ ወዲያ ውይይቱ ይሞታል።

ይልቅ አንድ ውሳኔ ምረጡ። ገጸ ባሕርይዋ የዋሸችበት፣ ዝም ያለችበት ወይም ጥላ የሄደችበት ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። ተማሪዎቹ ደግመው ያንብቡትና ይመልሱ፤ ምን ፈለገች? ምን አደረገች? ሌላ ነገር ብታደርግ ምን ታጣ ነበር? ለእያንዳንዱ መልስ ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱ። «መሰለኝ» ብቻውን አይሠራም።

ወርቁ ያለው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ማኅበራዊው ጉዳይ የሚወጣው ከዚያ ነው። አንዲት ሠራተኛ አሠሪዋ ሲሰድባት ዝም አለች እንበል። ተማሪው «ፈሪ ናት» ይላል። ብትናገርስ ምን ታጣለች? ደመወዟን፣ ማደሪያዋን። እሺ፣ የአሠሪው ልጅ መልስ ቢሰጥስ? ቢበዛ ይቆጡታል። በቃ፣ ክፍሉ ከጠባይ ወጥቶ ስለ ሥልጣንና ስለ ገንዘብ ማውራት ጀመረ፤ እናንተ «ጭብጡ የመደብ ልዩነት ነው» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ሳትጽፉ።

ደግሞ ስለ እሷ የሚነግረን ማን እንደሆነ አስጠይቁ። ተራኪው ነው? የማትወዳት ጎረቤት ናት? ሐሜትን እንደ ማስረጃ የሚቆጥሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። (አዋቂዎችም አንጠፋም።)

ጊዜ ካጠረ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ዝለሉት፤ ሌላ ቀን ይደርሳል።