የአሜሪካ ኮሌጅ ስታመለክቱ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) የሚለው ቦታ ላይ ምን ትሞላላችሁ?

አገር ቤት የተማረ ወላጅ የሚያውቀው አካሄድ ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ይታለፋል፣ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ ዲፓርትመንት ደግሞ ከተገባ በኋላ በውጤት ይያዛል። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ ያደገ ልጁ ሲያመለክት "ዋናው መግባቱ ነው፣ ሌላው ይደረስበታል" ይለዋል። ምክሩ ለአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትክክል ነው። ለሌሎቹ ግን ልጁን ከሚፈልገው ትምህርት ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል፤ ይሄ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ ከገባ በኋላ ስለሆነ በጣም ያሳዝናል።

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ነገር አንድ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበለው ለማን ነው? ለጠቅላላው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በውስጡ ላለ አንድ ኮሌጅ ነው ወይስ ለሜጀሩ?

እንደ ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድና ስታንፎርድ ያሉት የሚቀበሉት ለዩኒቨርሲቲው ነው። ምን መማር እንደምታስቡ ይጠይቃሉ፣ ግን አያስሯችሁም። ሜጀር የሚመረጠው ከተገባ በኋላ ነው። እዚህ "ኮምፒውተር ሳይንስ ብዬ ከጻፍኩ ዕድሌ ይጠባል" እያሉ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ኮርኔል ስታመለክቱ ደግሞ ከኮሌጆቹ አንዱን መርጣችሁ ነው፤ ማመልከቻውንም የሚያየው ያ ኮሌጅ ነው። ዩሲኤልኤ ድብልቅ ነው። ሌተርስ ኤንድ ሳይንስ ለሚባለው ትልቁ ኮሌጅ የሚያመለክት ልጅ የጻፈው ሜጀር ውሳኔው ላይ ለውጥ አያመጣም፣ ኢንጂነሪንግና ነርሲንግ ላይ ግን ያመጣል።

ዋናው ጭንቀት ያለው ሜጀሩ ራሱ በር የሆነባቸው ጋ ነው። ሲያትል ያላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡት። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚቀበለው በአብዛኛው በቀጥታ ከሃይስኩል ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ሳይፈቀድለት ሌላ ሜጀር ይዞ የገባ ልጅ በኋላ ልቀይር ቢል የሚያገኘው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ልጅ ከሌላ ስቴት ከሚያመለክተው ይልቅ ሰፊ ዕድል አለው፣ ውድድሩ ግን ለእሱም ቀላል አይደለም። ኢሊኖይ ኧርባና ሻምፔይንም ተመሳሳይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ የቅበላ መጠን አይታችሁ "ይሄማ ይገባል" ብትሉ የኮምፒውተር ሳይንሱ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ቅበላቸው በየዓመቱ የሚያወጡት ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ሰነድም የሚሰጣችሁ ያንኑ አጠቃላይ ቁጥር ስለሆነ በእሱ ብቻ አትወስኑ።

ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ፦ በክፍሉ የላይኛው ደረጃ ላይ ያለ የስቴቱ ተማሪ ዩቲ ኦስቲን በቀጥታ ይገባል። ደረጃው 6% ነበር፣ በ2026 መኸር ለሚገቡ 5% ሆኗል። ግን ዋስትናው ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለሜጀሩ አይደለም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅም ቢዝነስ ወይም ኢንጂነሪንግ አመልክቶ ሌላ ሜጀር ሊሰጠው ይችላል።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል። "ቀለል ያለ ሜጀር ሞልቶ ይግባና ከዚያ ይቀይር?" እኔ አልመክርም። አንደኛ፣ መቀየር በማይቻልበት ቦታ ልጁ ያልፈለገውን ይዞ ይቀራል፣ ወይ ትምህርት ቤት ለመቀየር ይገደዳል፣ እሱም የገንዘብ ድጋፉን ሊያሳጣው ይችላል። ሁለተኛ፣ ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ትራንስክሪፕቱን ያያሉ። አራት ዓመት ሙሉ ፕሮግራሚንግ ወስዶ፣ የሮቦቲክስ ክለብ ሲመራ ቆይቶ፣ ድንገት ታሪክ ልማር ነው ቢል ኤሴዩ አያሳምንም። የሚያዋጣው ከልጁ እውነተኛ ፍላጎት አጠገብ ያለውን መፈለግ ነው። ስታቲስቲክስ፣ ሒሳብ ወይም ኢንፎርማቲክስ አለ። ኢሊኖይ ራሱ ኮምፒውተር ሳይንስን ከሌላ ትምህርት ጋር፣ ለምሳሌ ከቋንቋ ጥናት ጋር፣ ያጣመሩ ዲግሪዎች አሉት። ልጁ ሁለቱንም የምር ከወደዳቸው ጥሩ መንገድ ነው።

ሁለተኛ ምርጫ የሚያስሞላ ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ ያንን ቦታ እንደ መጀመሪያው በተጨናነቀ ሜጀር አትሙሉት። ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተቀበለው ልጅ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ላይም ያንኑ ሰልፍ ነው የሚያገኘው።

ሐኪም የመሆን ሐሳብ ያላቸው ልጆች ብዙ ስለሆኑ ይሄንንም ልጨምር። ፕሪ-ሜድ በአብዛኛው ቦታ ሜጀር አይደለም። ሜዲካል ስኩሎች የሚፈልጓቸው ኮርሶች አሉ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የመሳሰሉት፤ እነሱ ከተወሰዱና ኤምካት በሚባለው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ጥሩ ውጤት ከመጣ ሜጀሩ የሙዚቃ ትምህርትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ሐኪም ስለሚሆን ባዮሎጂ መሙላት አለበት" ብላችሁ አታስጨንቁት። ነርሲንግ ግን የተለየ ነው። ብዙ ቦታ ከመጀመሪያው ለነርሲንግ ካልተቀበሉት በኋላ መግባት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የክሊኒክ ልምምድ ቦታው ውስን ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ማዘዋወር ጥሩና ወጪ የሚቀንስ መንገድ ነው። ብቻ የዝውውር ዋስትና የሚባለው ነገር ሜጀሩን ይጨምር እንደሆነ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ጠይቁ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ክረምት ልጁ ራሱ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይጻፍ። የሚፈልገውን ሜጀር በስሙ ይጥራና ይጠይቅ፦ የምትቀበሉት ለሜጀሩ ነው ወይ? የመጀመሪያ ምርጫዬ ካልተሳካ ለሌላ ታዩኛላችሁ? ሌላ ይዤ ገብቼ ወደዚህ ልቀይር ብል ስንት ጂፒኤና የትኞቹ ኮርሶች ያስፈልጉኛል፣ በዓመት ስንት ሰው ታስገባላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ለአድሚሽን ቢሮው ብቻ ሳይሆን ለዲፓርትመንቱ አማካሪም ይላክ። አድሚሽን ቢሮው "መቀየር ይቻላል" ብሎ ሊያልፈው ይችላል፣ ባለፈው ዓመት ስንቱ ጠይቆ ስንቱ እንደተፈቀደለት የሚያውቀው ግን ዲፓርትመንቱ ነው።