የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ፦ ጥይቱ ለምን ከመሃል ይሸሻል?

አንድ ጥይት ወደ ግራ በሄደ ቁጥር የማነጣጠሪያውን ብሎን የሚያዞር ሰው፣ ስህተቱ የእጁ ይሁን የመሣሪያው መለየት ያቅተዋል። እባካችሁ ብሎኑን ተዉት፤ መጀመሪያ አሥር ተኩሱና ቀዳዳዎቹን አንብቡ። የምጽፈው በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ነው።

ቀዳዳዎቹ በየአቅጣጫው ተበታትነዋል

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ነው። ጀማሪ አጥርቶ ማየት የሚፈልገው ጥቁሩን ክብ ስለሆነ ማነጣጠሪያው ይደበዝዝበታል። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 33 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ባለው ሽጉጥ፣ የፊተኛው ጫፍ በ1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ ዒላማው ላይ 3 ሴንቲሜትር ይስታል፤ 10 የነበረው 7 ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እንደተስተካከሉ ክንድ በ1 ሚሊሜትር ቢወዛወዝ ግን ጥይቱም የሚስተው ያንኑ 1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የክንዳችሁ መወዛወዝ አያስጨንቃችሁ። ዓይናችሁን የፊተኛው ጫፍ ላይ ትከሉ፤ በኋለኛው ማነጣጠሪያ ክፍተት ውስጥ በግራና በቀኙ የሚታየው ብርሃን እኩል ይሁን። መደብዘዝ ያለበት ጥቁሩ ክብ ነው።

ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል

«አሁን!» ብላችሁ ምላጩን ስትመነጭቁት ሌሎቹ ጣቶችም አብረው ይጨብጣሉ፤ አፈሙዙ ያጎነብሳል። የውድድር ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የምላጭ ክብደት (ምላጩ እንዲለቅ የሚያስፈልገው ኃይል) 500 ግራም ነው፤ ለግማሽ ኪሎ አንድ ጣት ይበቃል።

መድኃኒቱ ያለ ጥይት መለማመድ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ ከበስተጀርባው ሰው የማያልፍበት ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ። ሽጉጣችሁ ለባዶ ተኩስ የሚያገለግል ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት። ምላጩን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ሲለቅ የፊተኛው ጫፍ ወዴት እንደዘለለ ግድግዳው አይደብቅም። እኔ በየምሽቱ 20 ደቂቃ ይህንን ስሠራ ከቆየሁ በኋላ ነው ጣቴ ከመዳፌ ተለይቶ ብቻውን መንቀሳቀስ የቻለው።

ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈዋል

ትንፋሽ ወይም የላላ የእጅ አንጓ ነው። የትንፋሻችሁን ግማሽ አስወጥታችሁ ያዙ፤ በ8 ሰከንድ ውስጥ ካልተኮሳችሁ ክንዳችሁን አውርዱ። በውድድር በኤሌክትሮኒክ ዒላማ ለ60 ጥይት 75 ደቂቃ ይሰጣል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ተሰብስበዋል፣ ግን መሃል ላይ አይደሉም

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንዳችሁን አንሡ፤ ስትገልጡ ከዒላማው ጎን ከሆናችሁ እግራችሁን አዙሩ። አቋቋማችሁ ትክክል ከሆነ ብሎኑን የምትነኩት አሁን ነው፦ የኋለኛውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አንቀሳቅሱ፣ አምስት ተኩሱ፣ ተመልከቱ።