የኮምፒውተራችንን ገጽታ ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ ኮምፒውተር የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የጀርባውን ምስል ነው። ቀጥሎ ቀለሙን፣ ቀጥሎ አይከኖቹን፣ ቀጥሎ ታስክባሩን፣ ማለትም ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የፕሮግራሞች አሞሌ። ሁለት ሰዓት ሳይታወቀው ያልፋል። ስክሪኑ ሲያዩት ያምራል፤ በማግስቱ ሥራ ሲጀመር ግን የሚፈለገው ፋይል የት እንደገባ ይጠፋል። እኔም ከአንዴም ሁለት ሦስቴ እዚህ ወድቄያለሁ። አሁን አንዲት ነገር ከመንካቴ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ፦ በቀን ውስጥ እጄ ደጋግሞ የሚሄደው ወዴት ነው? ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ባለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

የሰው ስክሪን መቅዳት

ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩት ውብ ዴስክቶፖች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ሥራ የለባቸውም። አይከን አይታይም፣ ታስክባሩ ተደብቋል፣ መሃል ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን ሰነድ ስትከፍቱ ያ ሁሉ ጌጥ ከኋላ ይቀራል።

ታስክባር መደበቅን ብቻ እንውሰድ። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሁለት መስመር ቦታ ያተርፋል። በየደቂቃው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ለሚዘል ሰው ግን ቅጣት ነው፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ማውሱን ወደ ታች ወስዶ አሞሌው ብቅ እስኪል መጠበቅ አለበት።

ከመቅዳት ይልቅ አንድ ቀን ሙሉ ራሳችሁን ተከታተሉ። ደጋግማችሁ የከፈታችሁትን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ እነሱን ታስክባሩ ላይ ፒን አድርጓቸው፣ ማለትም እዚያው እንዲቀመጡ አድርጉ። ቅደም ተከተላቸውን እንዲሁ አትተዉት፤ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ 1ን ስትጫኑ ከግራ የመጀመሪያው፣ 2ን ስትጫኑ ሁለተኛው ይከፈታል። ብዙ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ ያስቀመጣችሁ ቀን ማውሱን መርሳት ትጀምራላችሁ።

ፊደሉ አነሰ ብሎ ሬዞሉሽን መቀነስ

ይህን ስህተት በየቢሮው አየዋለሁ። ፊደሉ ያነሰበት ሰው የስክሪኑን ሬዞሉሽን (ምስሉ የሚሠራበትን የነጥብ ብዛት) ይቀንሳል፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ስክሪኑ ሲሠራ የተሰጠው የነጥብ ብዛት አለ፤ 1920 በ1080 ነው እንበል። እናንተ 1280 በ720 ስትሉት አንዷን የምስል ነጥብ በአንድ ተኩል የስክሪን ነጥብ ላይ መዘርጋት ይኖርበታል። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ የጎረቤት ነጥቦችን ቀለም ቀላቅሎ ይሞላዋል፤ የፊደሉ ጠርዝ የሚደበዝዘው እዚህ ላይ ነው።

ሬዞሉሽኑን በተፈጥሮው ተዉትና የጽሑፉንም የአይከኑንም መጠን የሚያተልቀውን ስኬል የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጽሑፉን ብቻ ለይቶ የሚያተልቅ ማስተካከያ በተደራሽነት ክፍሉ ውስጥ አለው፤ እስከ 225 በመቶ ይሄዳል። አንድ ያረጀ ፕሮግራም በስኬል ምክንያት ቢደበዝዝ የዚያን ፕሮግራም ማስተካከያ ብቻ ንኩ እንጂ በእሱ ምክንያት ሁሉን ወደ ኋላ አትመልሱ።

ዳርክ ሞድ ለሁሉም ይሆናል ማለት

ዊንዶውስ 10 በ2016፣ ማክ በ2018 ጥቁሩን ገጽታ ካመጡ ወዲህ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳርክ ሞድ የማይሞላው ጉድጓድ ያለ አይመስልም። ባትሪ ይቆጥባል ይባላል። ኦሌድ ስክሪን ላይ እውነት ነው፤ እዚያ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ነው። በኤልሲዲ ስክሪን ግን መብራቱ ከኋላ በርቶ ስለሚውል ቀለሙን ማጥቆር የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፀሐይ በሞላበት ክፍል ደግሞ ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ ከጽሑፉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ በጥቁር ላይ ግራጫ ጽሑፍ የሚያሰፍሩ ቲሞች (ገጽታውን ባንዴ የሚቀይሩ ጥቅሎች) ናቸው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የንፅፅር ልዩነት ይጠይቃሉ። ለእኛ ፊደል ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ሰ እና ሱ፣ ለ እና ሉ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ ጭረቷ ከጀርባው ጋር ከተመሳሰለች ንባቡ ግምት ይሆናል። ቲም ስትመርጡ በአማርኛ ጽሑፍ ፈትኑት።

የሲስተሙን ፎንት መቀየርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ያማረ ፎንት ሁሉ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሲስተሙ የጎደለውን ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አንድ መስመር ላይ ሁለት ዓይነት ቅርጽና ሁለት ዓይነት ቁመት ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህን ክፍተት የሚሞላው ኤብሪማ ነው፣ ማክ ላይ ከፋ የሚባለው። እነሱን አታጥፏቸው።

ሾርትከት ላይ ሾርትከት

የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀይራል፤ ሊኑክስ ላይ ግኖም የተባለው ዴስክቶፕም ይህንኑ ይጠቀማል። ያንን ጥምረት ለሌላ ሥራ የሰጠ ሰው ደብዳቤው መሃል ላይ ሲደርስ ቋንቋው አልቀየር ይለዋል። አዲስ ሾርትከት ከመስጠታችሁ በፊት አሁን ምን እንደሚሠራ ተጭናችሁ እዩ።

ከአገኙበት ቲም መጫን

ብዙ ሰው ቲም ማለት ቀለምና ሥዕል ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በማርች 2024 ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ተጠቃሚ የሆነ አንድ ሰው ከራሱ ከኬዲኢ የቲም ማከፋፈያ ግሎባል ቲም (የዴስክቶፑን ገጽታ በሙሉ የሚቀይር ቲም) አውርዶ ሲጭን ፋይሎቹ ተጠረጉ። ቲሙ ከቀለሙ በተጨማሪ የሚሠራ ኮድ ይዞ ነበር፤ ኮዱ ደግሞ ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝ ነበረበት። የኬዲኢ ሰዎች እንዲህ ያሉ ቲሞች የሌላ ሰው ኮድ እንደሚያስኬዱ አስጠንቅቀዋል። ከዚያ በፊትም ማይክሮሶፍት በ2012 በቪስታና በዊንዶውስ 7 ዴስክቶፕ ላይ የሚሰቀሉትን ጋጀቶች (እንደ ሰዓት ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚያሰናክል መፍትሔ አውጥቶ ነበር፤ በእነሱ በኩል ሌላ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ስለሚችል።

ዊንዶውስ ላይ የሚታወቅ ምልክት አለ። ሲስተሙ የመስኮቶቹን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ የሚቀይር ቲም የሚቀበለው የማይክሮሶፍት ፊርማ ካለበት ብቻ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ይህን የሲስተም ፋይል ቀይሩ» የሚል መመሪያ ያለው ቲም የበሩን ቁልፍ አውልቁልኝ እያላችሁ ነው። እኔ ቀለም ሊቀይር የመጣ ነገር የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲጠይቅ ወዲያው እዘጋዋለሁ።

ከውስጥ ገብተው በሚቀይሩ ፕሮግራሞች ላይ መደገፍ

ዊንዶውስ 8 በ2012 የስታርት ቁልፉን አስቀርቶ መጣ። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ደግሞ ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዛወር ከለከለ። ሰው የለመደውን ሲነጠቅ የሚመልስለትን ይፈልጋል፤ ታስክባርና ስታርት ሜኑ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ገበያቸው የደራው በዚህ ነው። አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን የሚሠሩት የዊንዶውስን የውስጥ ክፍል እየጠለፉ ነው፤ ያ የውስጥ ክፍል ነገም እንዲሁ ይቆያል ብሎ ቃል የገባላቸው የለም።

አንድ ማለዳ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ታስክባሬ ብቅ ጥልቅ እያለ ይብለጨለጭ ጀመር። አንዱንም መጫን አልቻልኩም። ያዳነኝ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን ነው፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፣ ከእሱ ውስጥ አዲስ ሥራ አስጀምሮ ኮንትሮል ፓነልን መጥራት ይቻላል። ፕሮግራሙን አጠፋሁት፣ ታስክባሩም ተመለሰ። አንድ ወዳጄ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስበት አፕዴቱን ለዘለዓለም ዘጋ። እሱ የመረጠው ግን የደኅንነት ጥገናዎችን ሳያገኝ መኖርን ነው።

ሊኑክስም ከዚህ አያመልጥም። ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ በ2023 የወጣው ስሪት 45 የኤክስቴንሽኖችን (በግኖም ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ኮድ አጫጫን ስለቀየረ የነበሩት ሁሉ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው። አሥራ አምስት ኤክስቴንሽን የደረደረ ሰው አሥራ አምስት አዘጋጆችን ይጠብቃል። እኔ ከሦስት አላሳልፍም።

መመለሻ መንገዱን ሳያውቁ መግባት

የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበትን ሬጂስትሪ ልትነኩ ከሆነ የምትቀይሩትን ቁልፍ (የማስተካከያዎች ክፍል) መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሲስተሙን ወደ ነበረበት የሚመልስ ሪስቶር ፖይንትም ፍጠሩ። ሊኑክስ ላይ በሆም ፎልደራችሁ ውስጥ የተደበቀውን የኮንፊግ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። በአንድ ቀን አሥር ነገር የቀየረ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት ለማወቅ አሥሩንም መፍታት ግድ ይሆንበታል። አንድ ቀይሩ፣ አንድ ሁለት ቀን ሥሩበት፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ዘዴም አለ። የገጽታ ማስተካከያዎች አብዛኞቹ ለየተጠቃሚው የተለዩ ናቸው። ለሙከራ ብቻ ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱና እዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ፤ ቢበላሽ አካውንቱን ትሰርዙታላችሁ።

ቀለሙን ቀብቶ ዋናውን መተው

ዊንዶውስ ከፋብሪካ ሲመጣ የፋይሎችን የመጨረሻ መለያ (ከስሙ መጨረሻ ነጥብ ቀጥሎ ያለውን፣ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን) ይደብቃል። በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው አይላቭዩ የተባለው ቫይረስ የተጠቀመው ይህንኑ ነው፤ በኢሜይል የመጣው ፋይል ስሙ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር፣ ፕሮግራም መሆኑን የሚናገረው መለያ ግን አይታይም። ከጀርባ ምስሉ በፊት መቀየር ያለበት ይህ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍታችሁ ቪው፣ ቀጥሎ ሾው የሚለውን ስትነኩ የፋይል ስም ኤክስቴንሽን የሚል ታገኛላችሁ።

በተቃራኒው፣ ስክሪኑን አጨልሞ ፈቃድ የሚጠይቀውን መልእክት «ያሰለቻል» ብላችሁ አታጥፉት።

ትንንሾቹ

የማታውን ብርቱካናማ ብርሃን ሳያጠፉ ፎቶ ማስተካከል፤ ጠዋት ስታዩት የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ የሚንቀሳቀስ የጀርባ ምስል መስቀል። ኮምፒውተሩ የዘገየ ሲመስል አኒሜሽኑን ሳያጠፉ ሌላ ሌላውን መነካካት።

ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። ከእናንተ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ስታርት ቁልፉን የለመደበት ቦታ ላይ ይፈልገዋል።